«ማን?» ከሚለው ጥያቄ ወደ «እስከ መቼ?»፦ ይርጋ እና የተመልካች ዕውቀት «ሲግናል» በተሰኘው የኮሪያ ድራማ

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ አጭር ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ2016 በደቡብ ኮሪያው ቲቪኤን የቴሌቪዥን ጣቢያ የተላለፈውን «ሲግናል» የተሰኘ ባለ16 ክፍል ወንጀል ነክ ድራማ ይመረምራል። የጽሑፉ መከራከሪያ ድራማው የምስጢር ታሪክን ነባር ጥያቄ፣ ማለትም «ወንጀሉን ማን ፈጸመው?» የሚለውን፣ «እውነቱን ለማወቅ እስከ መቼ ጊዜ አለ?» በሚል ጥያቄ እንደሚተካ ማሳየት ነው። ለዚህም ሦስት ነገሮች ተመርጠዋል፦ የይርጋ ሕግ በሴራው ውስጥ ያለው ቦታ፣ በሁለት ዘመናት መካከል የሚደረገው የሬዲዮ ግንኙነት፣ እና ለድራማው መነሻ ከሆኑት አንዱ የሆነው እውነተኛ ወንጀል በ2019 መፈታቱ። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቁልፍ ቃላት፦ ምስጢራዊ ድራማ፣ ይርጋ፣ ልብ ሰቀላ፣ ምልሰት፣ የተመልካች ዕውቀት

1. መግቢያ

የምስጢር ታሪክ አንባቢውንና ተመልካቹን የሚይዘው በተደበቀ ስም ነው። ወንጀል ይፈጸማል፣ መርማሪ ይመጣል፣ ፍንጮች ይበተናሉ፣ በመጨረሻም ስሙ ይገለጣል። ስሙ ከተገለጠ በኋላ ታሪኩ የሚናገረው ብዙ ነገር አይኖረውም። በዚህ ስሌት መሠረት ልብ ሰቀላ የሚመነጨው ካለማወቅ ነው። ተመልካቹ ያላወቀውን ያህል ይጠብቃል፣ ባወቀ ጊዜ ያርፋል።

በኪም ኡን-ሂ ደራሲነትና በኪም ወን-ሶክ አዘጋጅነት የቀረበው «ሲግናል» ይህን ስሌት ይገለብጠዋል። ድራማው ከጃንዋሪ 22 እስከ ማርች 12 ቀን 2016 ዓርብና ቅዳሜ ምሽት ይተላለፍ ነበር። በዚያው ዓመት በተካሄደው በ52ኛው የቤክሳንግ የጥበባት ሽልማትም በምርጥ ድራማነትና በምርጥ ድርሰት ተሸልሟል። የታሪኩ ዐጽም አጭር ነው። በ2015 የሚኖረው የወንጀለኞችን ባሕርይ ተንታኝ ፓርክ ሄ-ዮንግ ሊጣል በተዘጋጀ አሮጌ የሬዲዮ መገናኛ ሊ ጄ-ሃን ከተባለ መርማሪ ፖሊስ ጋር ይነጋገራል። ጄ-ሃን ግን በ2000 የጠፋ ሰው ነው። የሄ-ዮንግ የቡድን መሪ ቻ ሱ-ህዮን በወጣትነቷ በጄ-ሃን ሥር የሠራች፣ ከጠፋበት ጊዜ ጀምሮም ስትፈልገው የኖረች ናት። ሦስቱም እልባት ያላገኙ ወንጀሎችን ከሁለት ዘመን ሆነው ይመረምራሉ።

በዚህ ድራማ ውስጥ የወንጀለኛው ማንነት ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይታወቃል። ስሙ ከታወቀ በኋላም ልብ ሰቀላው ይበረታል እንጂ አይላላም። ይህ ለምን እንደሚሆን ለመረዳት ከሕጉ መጀመር ያስፈልጋል።

2. ይርጋ እንደ ሴራ አንቀሳቃሽ

በደቡብ ኮሪያ ሕግ የነፍስ ግድያ ወንጀል የክስ ይርጋ እስከ 2007 ድረስ 15 ዓመት ነበር። በዚያ ዓመት ወደ 25 ዓመት ከፍ አለ። በጁላይ 2015 ደግሞ የነፍስ ግድያን ከይርጋ ነጻ የሚያደርገው ሕግ በብሔራዊው ምክር ቤት ጸድቆ በዚያው ወር ማብቂያ ላይ ጸና። ለሕጉ መውጣት ግፊት የሆነው በ1999 በዴጉ ከተማ አሲድ ተደፍቶበት የሞተ የስድስት ዓመት ሕፃን ጉዳይ ነበር። ሕጉ ግን የሕፃኑን ጉዳይ ራሱን አልደረሰለትም። ይርጋቸው አስቀድሞ የሞላ ወንጀሎችም እንደተዘጉ ቀሩ።

ድራማው መታየት የጀመረው ሕጉ ከጸና ስድስት ወር ሳይሞላ ነው። የመጀመሪያው ጉዳይ በጁላይ 2000 ከትምህርት ቤት ደጃፍ ተወስዳ የተገደለች ሕፃን ታሪክ ሲሆን፣ ይርጋው የሚሞላው በጁላይ 2015 ማብቂያ ነው። ያን ጊዜ ሕፃን የነበረው ሄ-ዮንግ ልጅቱን የወሰደቻት ሴት መሆኗን አይቷል። ፖሊስ ግን ወንድ ተጠርጣሪ ያሳድድ ስለነበር የሰማው አልነበረም። ከ15 ዓመት በኋላ ተጠርጣሪዋ በምርመራ ክፍል ስትቀመጥ ተመልካቹ ማንነቷን ያውቃል፣ መርማሪዎቹም ያውቃሉ። የጎደለው ማስረጃ ነው፣ እያለቀ ያለውም ጊዜ ነው። ሰዓቱ እኩለ ሌሊትን ሲያልፍ የሕፃኗ ግድያ ይርጋ ይሞላል። ሴትዮዋ ተጠያቂ የምትሆነው ግብረ አበሯ የነበረውን ሰው በመግደሏ ነው። የሕፃኗ እናት ልጇን የገደለችው ሰው መያዟን ታያለች፤ ነገር ግን በልጇ ስም የሚቆም ክስ አይኖርም።

የዚህ ትዕይንት ክብደት በአማርኛ ይበልጥ ይሰማል። «ይርጋ» የሚለው የሕግ ቃል ረጋ ከሚለው ግሥ የመጣ ሲሆን፣ የተናወጠው ይረፍ፣ የደፈረሰው ይጥለል የሚል ትእዛዝ አለበት። ሕጉ ይርጋን የሚደነግገው ማስረጃ በጊዜ ብዛት ስለሚበላሽ፣ የምስክር ትውስታ ስለሚደበዝዝና ሰው ዕድሜ ልኩን በክስ ስጋት እንዳይኖር በማሰብ ነው። ይህ ምክንያት ቀላል አይደለም። ሆኖም ሕጎች ራሳቸው ለይርጋ ወሰን ያበጃሉ። ለምሳሌ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 28 በስብዕና ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎች በይርጋ እንደማይታገዱ ደንግጓል። «ሲግናል» የሚጠይቀው በዚህ ወሰን ላይ ነው፦ የሕጉ ጊዜ ሲረጋ የሐዘንተኛው ጊዜ አብሮ ይረጋልን? የሕፃኗ እናት ለ15 ዓመት ያላቋረጠችው ጥበቃ የድራማው የመጀመሪያ መልስ ነው።

3. ምልሰት ያልሆነ ያለፈ ጊዜ

በሥነ ጽሑፍ ጥናት ያለፈ ድርጊት ወደ አሁን ሲመጣ ምልሰት ይባላል። የምልሰት ዋና ጠባይ የተፈጸመ መሆኑ ነው። ገጸ-ባሕርይው ያስታውሰዋል፣ ተመልካቹ ያየዋል፣ የሚለውጠው ግን የለም። የ«ሲግናል» ያለፈ ጊዜ ይህን መስፈርት አያሟላም። የሬዲዮ መገናኛው ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ሲሆን ሲነሳ ያለፈው ዘመን እንደ አሁን እየተካሄደ ነው። ጄ-ሃን ገና ያልወሰነው ውሳኔ፣ ገና ያልደረሰበት በር አለ። ሄ-ዮንግ በማኅደር የሚያነበው የተዘጋ ታሪክ ለጄ-ሃን ነገ የሚሆን ነገር ነው።

ከዚህም የተነሣ ንግር ልዩ መልክ ይይዛል። በተለመደው ድርሰት ንግር ወደፊት የሚመጣውን በጥቂቱ የሚጠቁም ፍንጭ ነው። እዚህ ግን አንዱ ገጸ-ባሕርይ ለሌላው የወደፊቱን በግልጽ ይነግረዋል። ከ2000 የሚናገረው ጄ-ሃን ግንኙነቱ በ1989 እንደገና እንደሚጀመርና የዚያን ዘመኑን ጄ-ሃን ማሳመን የሄ-ዮንግ ድርሻ እንደሆነ ያስታውቃል። ተመልካቹ ስለዚህ የጄ-ሃንን መጥፋት እያወቀ ወጣቱን ጄ-ሃንን ይከተላል። የተመልካቹ ዕውቀት ከገጸ-ባሕርይው ዕውቀት ይበልጣል፤ ልብ ሰቀላውም የሚመነጨው ከዚህ ብልጫ ነው። የሚያሳስበው የማይታወቀው ነገር ሳይሆን የሚታወቀው ነገር በጊዜ አለመድረሱ ነው።

4. የዕውቀት ዋጋ

ወደ ያለፈው ዘመን መልእክት የሚልክ ታሪክ አንድ አደጋ አለበት፤ ማንኛውም ጥፋት በቀላሉ የሚታረምበት የምኞት ዓለም ሊሆን ይችላል። «ሲግናል» ከዚህ አደጋ የሚተርፈው ለእያንዳንዱ መልእክት ዋጋ በማስከፈሉ ነው። ሁለት ማሳያዎች ይበቃሉ።

የመጀመሪያው በድራማው የግዮንጊ ደቡብ ተከታታይ ግድያ የተባለው ጉዳይ ነው። ሄ-ዮንግ ቀጣዩ ግድያ የሚፈጸምበትን ቦታ ለጄ-ሃን ይነግረዋል። ጄ-ሃን ደርሶ አንዲት ሴት ከሞት ትተርፋለች። ነገር ግን በስፍራው የተያዘው ሰው ንጹሕ ሲሆን በፖሊስ እጅ ሳለ ይሞታል። ትክክለኛ መረጃ በተሳሳተ የምርመራ ሥርዓት ውስጥ ሲገባ አንዲቱን አድኖ ሌላውን ገደለ። ጉዳዩ ዘግይቶ ሲፈታ ገዳዩ የአውቶቡስ ሹፌር ልጅ ሆኖ ይገኛል፤ አባትም ልጁን ለዓመታት ሲሸሽግ ኖሯል። ጄ-ሃን በልቡ የሚወዳት ሴት ግን ከሟቾቹ አንዷ ሆና ትቀራለች።

ሁለተኛው የሀብታሞች ቤት ስርቆት ጉዳይ ነው። ከዘመኑ የመጣ ጥቆማ በፊት በሌብነት የተቀጣን አንድ አባት በስሕተት ያስይዛል። እሱ በታሰረበት ሰዓት ልጁ በድልድይ መደርመስ ትሞታለች። ይህ ትዕይንት ኦክቶበር 21 ቀን 1994 በሴኡል የሶንግሱ ድልድይ ተደርምሶ 32 ሰዎች የሞቱበትን አደጋ ያስታውሳል። አባትየው ከዓመታት በኋላ ለበቀል ሲነሣ ሱ-ህዮን ትሞታለች፤ የምትመለሰውም ሄ-ዮንግና ጄ-ሃን ጉዳዩን እንደገና መርምረው እውነተኛውን ሌባ፣ የባለሥልጣን ልጅ የሆነውን፣ ሲደርሱበት ነው። እዚህ ላይ ድራማው ምስጢር የሚለውን ቃል ያሰፋዋል። ብዙዎቹ ጉዳዮች ሳይፈቱ የቀሩት ፍንጭ ጠፍቶ ሳይሆን፣ ፍንጩን ያየው ሰው አቅም ስላልነበረው ወይም አቅም ያለው ሰው እንዳያይ ስለተደረገ ነው።

5. ከ2019 በኋላ እንደገና ማየት

የግዮንጊ ደቡብ ጉዳይ መነሻ ከ1986 እስከ 1991 በሁዋሶንግ አካባቢ አሥር ሴቶችና ልጃገረዶች የተገደሉበት እውነተኛ ተከታታይ ወንጀል ነው። ፖሊስ ከ20,000 የሚበልጡ ሰዎችን መርምሮ ገዳዩን አላገኘም። የመጨረሻው ግድያ ይርጋ በ2006 ሞላ። ቦንግ ጁን-ሆ በ2003 በዚሁ ጉዳይ ላይ የሠራው «የግድያ ትዝታዎች» የተሰኘው ፊልም ገዳዩን ሳያሳውቅ ይጠናቀቃል። ከ13 ዓመት በኋላ የመጣው «ሲግናል» ለዚያው ቁስል የፈጠራ መልስ ሰጠ።

በሴፕቴምበር 2019 ፖሊስ ተጠብቀው በቆዩ ማስረጃዎች ላይ በተደረገ የዘረመል ምርመራ ገዳዩን እንደለየ አስታወቀ። ሰውየው በ1994 የሚስቱን እኅት በመግደሉ የዕድሜ ልክ እስራት እየተቀጣ ነበር። በኋላም ወንጀሎቹን አመነ። ይርጋው ስለሞላ ግን ሊከሰስ አልቻለም። ከሁሉም በላይ ስምንተኛውን ግድያ ፈጽሟል ተብሎ ወደ 20 ዓመት ገደማ የታሰረ ሌላ ሰው ንጹሕ መሆኑ ታወቀ፤ በዲሴምበር 2020 ፍርድ ቤት በነጻ አሰናበተው።

ድራማውን ከዚህ በኋላ የሚያይ ሰው ሁለት ነገር ያስተውላል። አንደኛ፣ «ማን?» ለሚለው ጥያቄ ድራማው የሰጠው መልስ ከእውነታው ጋር አይገጥምም፤ እውነተኛው ገዳይ የድራማው ገዳይ አይደለም። ሁለተኛ፣ ምርመራው ለምን እንደከሸፈ ድራማው ያሳየው መልክ ከእውነታው ጋር በእጅጉ ይቀራረባል። በጥድፊያ የተያዘ ንጹሕ ሰው፣ በግፊት የተገኘ የእምነት ቃል፣ የዝና ጥማት ያለበት የፖሊስ አመራር በድራማው ውስጥ ነበሩ። የሄ-ዮንግ ታላቅ ወንድም ታሪክ ራሱ ባልሠራው ወንጀል የተፈረደበት ወጣት ታሪክ ነው። ስም ላይ ብቻ የተመሠረተ የምስጢር ታሪክ ቢሆን ኖሮ የ2019ኙ ዜና ዋጋውን ባሳጣው ነበር። «ሲግናል» ግን ጥያቄውን በጊዜና በሥርዓት ላይ ስላቆመ ዜናው ንባቡን አጠነከረው።

እውነታው ሌላም ነገር አረጋገጠ። ቅጣት ባይኖርም እውነቱ መታወቁ ሥራ ሠርቷል፤ ንጹሑን ሰው ከስሙ ጋር አስታርቋል፣ የሟቾችን ቤተሰቦችም ከጥርጣሬ አውጥቷል። ይርጋ ክስን ይዘጋል እንጂ ምርመራን ትርጉም አያሳጣም።

6. ማጠቃለያ

ከላይ የቀረበው ትንታኔ ለምስጢራዊ ድራማ ጥናት አንድ የአሠራር ሐሳብ ይጠቁማል። ተመራማሪው በእያንዳንዱ ክፍል ሦስት ነገሮችን ጎን ለጎን ቢመዘግብ ይጠቅመዋል፦ ተመልካቹ ምን ያውቃል፣ ገጸ-ባሕርይው ምን ያውቃል፣ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ለማጥበብ ስንት ጊዜ ቀርቷል። በጥንታዊው የምርመራ ታሪክ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጣል፣ ሦስተኛውም ብዙ ጊዜ አይቆጠርም። በ«ሲግናል» የመጀመሪያው ከሁለተኛው ይበልጣል፣ ሁሉንም የሚገዛው ግን ሦስተኛው ነው።

የድራማው ፍጻሜም ከዚህ ጋር ይስማማል። ጄ-ሃን በሕይወት ይኖር እንደሆነ የሚጠቁም ፍንጭ ተገኝቶ ሱ-ህዮንና ሄ-ዮንግ በመኪና ወደ አንድ የሕሙማን መጦሪያ ሲጓዙ ታሪኩ ይቆማል። ተመልካቹ የመገናኘታቸውን ትዕይንት አያገኝም። የሚያገኘው ፍለጋው እንዳልተቋረጠ ማየትን ነው። ለ15 ዓመት ስትፈልግ የኖረች መርማሪ አሁንም መንገድ ላይ ናት፤ ጉዳዩም አልረጋም።