የደንዳኔ ካንሰርና የቤተሰብ ውርስ

የፎገራ ላም በወተቷ የታወቀች ናት። ብልህ አርቢ ኮርማ ሲመርጥ የእናቱን ወተት ይጠይቃል። ኮርማ አይታለብም፤ የእናቱን ወተት ግን ለጊደሮቹ ያወርሳል።

በእኛም እንዲሁ ነው። ከእናትም ከአባትም የምንወርሰው፣ በዓይን የማይታይ የሰውነት ትእዛዝ አለ፤ ሐኪሞች ዘረ-መል ይሉታል። ሰውነታችን ያረጀውን በአዲስ ሲተካ ስሕተት ይገባበታል፤ ስሕተቱን የሚያርሙ ዘረ-መሎች አሉ። አራሚው ራሱ ተበላሽቶ ከተወረሰ ስሕተቱ ይጠራቀምና በደንዳኔ፣ ማለትም በትልቁ አንጀት፣ ካንሰር ሊነሣ ይችላል፤ ያውም ገና በጎልማሳነት። ብልሽቱ ያለበት ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጅ የማውረስ ዕድሉ ከ2 አንድ ነው። እንደ ኮርማው፣ ራሱ ሳይታመምም ሊያወርስ ይችላል። የወረሰ ሁሉ ግን አይታመምም፤ አብዛኛው የደንዳኔ ካንሰርም ከዚህ የመጣ አይደለም።

ይህን ውርስ መከታተል የተጀመረው ከአንዲት ሴት አፍ ነው። በ1895 በፈረንጅ አቆጣጠር፣ አሜሪካ ውስጥ፣ አንዲት ልብስ ሰፊ ብዙ ዘመዶቿ በካንሰር እንደሞቱ ለዶክተር ዋርቲን ነገረችው። እሱም ቤተሰቧን ቆጥሮ መዘገበ። እኛ ዘንድ ግን እርግማን እንዳይባል ይደበቃል። ለጋብቻ ሰባት ቤት የምንቆጥር ሰዎች፣ ማን በምን ሕመም እንደሞተ መቁጠር እንዴት ያቅተናል?

ዓይነ ምድር ደም ሲቀላቅል «ኪንታሮት ነው» ብሎ መተው አይገባም። ወረታ ጤና ጣቢያ ሄዶ መታየት፣ በዚህ የታመመ ዘመድ ካለም አብሮ መንገር ነው። ሕመሙ ሳይሰራጭ ከተደረሰበት በቀዶ ሕክምና ይወጣል።