መኪና ከኋላ ሲያጓራ

ዛሬ ከገጠር ገበያ እህል የሚያመላልሰው መኪና ብዙውን ጊዜ አይሱዙ ነው። መኪናው የገበሬዎች ማኅበር ንብረት ከሆነ፣ የተሰበረው ሁሉ የሚጠገነው ከአባላቱ ገንዘብ ነው። ሾፌሩ «ከኋላ ድምፅ አለው» ብሎ ይመጣል። መካኒኩ ደግሞ «ዲፈረንሺያሉ አልቋል፣ ይለወጥ» ይላል። ታዲያ ኮሚቴው ምን ብሎ ይጠይቅ? እውነትም አልቆ ከሆነ ይለወጣል። ያለቀው ጎማ ወይም አንድ ኩሽኔታ ብቻ ከሆነ ግን የብዙ ኩንታል ጤፍ ዋጋ በከንቱ ወጣ ማለት ነው።

ለመሆኑ ዲፈረንሺያል ምንድን ነው? መኪናው ቆሞ ሳለ ከኋላ ጎንበስ ብላችሁ እዩ። በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከል እንደ ድስት ያበጠ ብረት አለ። እሱ ነው። ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው፣ ከካምቢዮ በረጅም ዘንግ የሚመጣውን ኃይል ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዙሮ ለጎማዎቹ መስጠት ነው። ሁለተኛውን ሥራ እናንተ ከእኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ። አውድማ ላይ በሬዎች አቆራኝታችሁ ስታበራዩ፣ ወደ መሀል ያለው በሬ እያዘገመ ይዞራል። ከዳር ያለው ግን መንገዱ ስለሚረዝምበት መፍጠን አለበት። ሁለቱ እኩል ይራመዱ ቢባል ዙሩ ይበላሻል። መኪናም ሲታጠፍ እንደዚሁ ነው። የውስጠኛው ጎማ ከመታጠፊያው መሀል 5 ሜትር፣ የውጭኛው 6 ሜትር ተኩል ርቀው ግማሽ ክብ ቢዞሩ፣ የውስጠኛው 16 ሜትር ገደማ ሲሄድ የውጭኛው ከ20 ሜትር በላይ ይሄዳል። ሁለቱ በአንድ ድፍን ዘንግ ቢያያዙ ኖሮ አንዱ እየተጎተተ ይላጭ ነበር። ኦኔሲፎር ፔኬር የተባለ ፈረንሳዊ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1820ዎቹ ለእንፋሎት መኪና ይህንን መላ ሠራ። እስካሁንም ያው ነው።

በድስቱ ውስጥ ትልቅ ማርሽና ትንሽ ማርሽ ጥርስ ለጥርስ ተናክሰው ይዞራሉ። ትልቁ 40 ጥርስ፣ ትንሹ 8 ጥርስ ቢኖረው፣ ትልቁ አንድ ጊዜ ሲዞር ትንሹ 5 ጊዜ ይዞራል። ይህን ቁጥር ያዙት፣ ወደ በኋላ እንፈልገዋለን። ከነሱ ሌላ ከመሀል ጥቃቅን ማርሾች አሉ። ግራና ቀኝ ጎማ እንዲበላለጡ የሚፈቅዱት እነሱ ናቸው። ይሄ ሁሉ በዘይት ውስጥ ነው የሚሠራው።

አሁን ወደ ድምፁ እንምጣ። አንዱ «ያጓራል» ይላል፤ ሌላው «ያፏጫል»፤ ሦስተኛው «ያልቅሳል እንጂ» ይላል። በዚህ መከራከር ጥቅም የለውም። ምን ይመስላል ከማለት መቼ ይመጣል ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

መጀመሪያ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ብቻ ይነሣና ሾፌሩ ነዳጅ ይርገጥ። ድምፁ ካለ ጥፋቱ ከዲፈረንሺያል አይደለም፤ ምክንያቱም መኪናው ካልሄደ ዲፈረንሺያሉ አይዞርም። ቀጥሎ ከአስፋልት ወደ ጠጠር መንገድ ይነዳ። መንገዱ ሲለወጥ ድምፁም ከተለወጠ ጎማውን ተጠራጠሩ። ዲፈረንሺያል ከሥሩ አስፋልት ይሁን ጠጠር ግድ የለውም።

እነዚህን ሁለቱን ካለፈ፣ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጣችሁ እግሩን እዩ። ነዳጅ ሲረግጥ የሚጮህ፣ እግሩን ሲያነሣ ዝም የሚል ከሆነ፣ የትልቁና የትንሹ ማርሽ ጥርሶች ሲጎትቱ በሚነካኩበት ፊት ተበልተዋል ወይም አገጣጠማቸው ተዛንፏል። በተቃራኒው እግሩን ሲያነሣ ብቻ የሚጮህ ከሆነ የጥርሶቹን ሌላኛ ፊት ወይም የትንሹን ማርሽ ኩሽኔታ መመርመር ነው። ቢረግጥም ቢያነሣም የማይለወጥ፣ ከፍጥነቱ ጋር ብቻ የሚጨምር ጉርምርምታ አብዛኛውን ጊዜ የኩሽኔታ ነው። የጎማ ኩሽኔታ ከሆነ ደግሞ ሌላ ምልክት አለው። መኪናው ወደ ግራ ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ቀኝ ይጋደላል፤ ያን ጊዜ ድምፁ ከበረታ የቀኙ ነው። ይህ ከሆነ ዲፈረንሺያሉን መፍታት ለምን ያስፈልጋል?

በቀጥታ መንገድ ዝም ብሎ ሲታጠፍ ብቻ የሚንኳኳ ከሆነ ጥቃቅኖቹ ማርሾች ናቸው። ቀጥታ ሲኬድ በራሳቸው ዛቢያ አይዞሩም፤ የሚሠሩት በመታጠፊያ ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራው ልክ እየጠበቀ «ቋ፣ ቋ» የሚለው ነው። ሜዳ ላይ፣ መኪናው በሰው እርምጃ ልክ እየሄደ፣ በጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጋችሁ ራቅ ብላችሁ ቁጠሩ። ምልክቱ አንድ ጊዜ ሲዞር አንድ «ቋ» ካለ ከትልቁ ማርሽ ጥርስ ተሸርፎ ይሆናል። 5 ጊዜ ገደማ ካለ ከትንሹ ነው። ቁጥሩን ያዙት ያልነው ለዚህ ነው። እንደ መኪናው ዓይነት 4 ወይም 6 ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ መኪና «ገበያ ደርሼ ልመለስ» አይባልበትም። የተሸረፈው ብረት በጥርሶቹ መካከል ከገባ ጎማዎቹን በአንድ ጊዜ ሊቸነክራቸው ይችላል። ቁልቁለት ላይ ጭነት ይዞ ይህ ቢደርስ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ብዙው ብልሽት የሚጀምረው ግን ከዘይት ነው። ድስቱ ጎን ላይ መሙያ ቡሎን አለ። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሲቀዘቅዝ፣ ቡሎኑ ተፈቶ ጣት ሲገባ ዘይቱ ከቀዳዳው ከንፈር ጋር እኩል መሆን አለበት። የሚጨመረው የሞተር ዘይት አይደለም፤ ጥርሶቹ እየተፋተጉ ስለሚጨቋቆኑ ጂኤል 5 የተባለው የዲፈረንሺያል ዘይት ያስፈልጋል። ከታች ያለው ማፍሰሻ ቡሎን በብዙ መኪና ላይ ማግኔት አለው። በላዩ ላይ ግራጫ ልቁጥ ቢገኝ የተለመደ ነው። የብረት ስባሪ ከተገኘ ግን ጥርስ ወይም ኩሽኔታ ሄዷል። ዘይቱ እንደ ወተት ከነጣ ውሃ ገብቶበታል። ይሄ ወንዝ በሚያቋርጥ መኪና ላይ ይበዛል። ሲሄድ የሞቀው ድስት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲነከር በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ውሃውን ይስባል። ስለዚህ ጥልቅ ውሃ ያቋረጠ መኪና ዘይቱ መታየት አለበት። በድስቱ ላይ ያለችው ትንሽ መተንፈሻም በጭቃ እንዳትደፈን።

ስለ ክሪክ አንድ ነገር እንንገራችሁ፤ ረዳትና ሾፌር ሲያነሡ አብሮ የሚያግዝ ሰው ብዙ ነውና። በብዙ ቀላል የጭነት መኪና የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ጎማውን ሳይሆን ረጅሙን ዘንግ ነው። አንዱ የኋላ ጎማ ከመሬት ሲነሣ ዲፈረንሺያሉ እሱን በአየር ላይ ወደ አንድ ወገን፣ መሬት የያዘውን ወደ ሌላ ወገን እንዲዞሩ ይፈቅዳል። ስለዚህ ፍሬኑ ተይዞም መኪናው ሊንሸራተትና ከክሪኩ ሊወርድ ይችላል። የፊት ጎማዎቹ ከፊትና ከኋላ ታኮ ሳይደረግላቸው፣ ከሥሩም ጠንካራ ማቆሚያ ሳይገባ ማንም ሰው ከታች አይግባ።

ማኅበሩ ያገለገለ መኪና ሊገዛ ካሰበም ይኸው ዕውቀት ይጠቅማል። የተበላ ማርሽ እንዳይሰማ ዘይቱ ውስጥ ሰጋቱራ መጨመር በብዙ አገር የታወቀ የድሮ ተንኮል ነው። መኪናው ለጊዜው ጸጥ ይላል። ከመዋዋላችሁ በፊት ዘይቱ በፊታችሁ ወደ ንጹሕ ሳሕን ይፍሰስ፤ በጣታችሁም ዳስሱት። ሻጩ «ምን አስቸኮላችሁ፣ ሌላ ቀን» ካለ፣ ክፍያውም ሌላ ቀን ይሁን።