ከእሳቱ በፊት ድፍድፉ

አረቄ ልማር የሚል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ቱቦው ነው። መዳብ ይሻላል ወይስ ሸምበቆ? የማሰሮው አፍ በምን ይመረጋል? ከአንድ ጋን ስንት ሊትር ይወርዳል? ይህ ሁሉ የመጨረሻው ቀን ጉዳይ ነው። እሳት አልኮል አይሠራም፤ የተሠራውን ከውሃው ይለያል እንጂ። አልኮሉ የሚሠራው ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት፣ እርሾው የእህሉን ስኳር ሲበላ ነው። ድፍድፉ ባዶ ከሆነ በቱቦው የሚወርደው ሽታ ያለው ውሃ ነው፤ ድፍድፉ ከኮመጠጠም ኮምጣጤው አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ እዚህ የማወራው ስለ ድፍድፍ ነው፤ ያውም የበቆሎ ዱቄት በየሱቁ በሚገኝባት፣ ጌሾው ግን ከማዶ በሚመጣባት በኬንያዋ ሞያሌ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊጠነስስ ላሰበ ሰው።

ሕጉ ይቅደም። ኬንያ ቻንጋ የምትለውን የጓዳ አረቄ በ1980 በሕግ ከለከለች፤ በ2010 የወጣው የአልኮል መጠጦች ቁጥጥር ሕግ ክልከላውን አነሳ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ብዙ ሰው የሰማው «ተፈቀደ» የሚለውን ብቻ ነው። የተፈቀደው ግን ፈቃድ ላለው አምራች፣ በጠርሙስ ታሽጎ ለሚሸጥ ነው። ፈቃድ ሳይኖር በጓዳ መጥመቅም ማውጣትም ዛሬም ያስከስሳል። ፖሊስ ቤት ሲፈትሽ የሚደፋው ደግሞ ያለቀለትን አረቄ ብቻ አይደለም። ካንጋራ የሚሉት በበርሜል የተቀመጠው ድፍድፍ ራሱ ማስረጃ ሆኖ ይያዛል። በኢትዮጵያ በኩል ግን አረቄ ማውጣት የስንት ቤት መተዳደሪያ እንደሆነ የታወቀ ነው። ሁለቱ ሞያሌዎች በእግር የሚደረስባቸው ይሁኑ እንጂ ሕጋቸው ለየቅል ነው። በኬንያ በኩል ለሚኖር ሰው የምመክረው ፈቃዱን አስቀድሞ እንዲጨርስ፣ ያ እስኪሆን ሙያውን ከማዶ ካለ ዘመድ ወይም ባለሙያ ቤት እንዲማር ነው፤ የተማረበትን ጠርሙስ ደብቆ በኬላው ማሳለፍ ደግሞ ሌላ ክስ ነው። የሞያሌ ጎረቤት በአብዛኛው ሙስሊም መሆኑንም አይርሱ። የድፍድፍ ሽታ አጥር አያግደውም፤ ከፖሊስ በፊት የሚያኮርፈው ጎረቤት ነው።

አሁን ወደ በቆሎው። በቆሎ ግትር እህል ነው። ጥሬ ዱቄቱን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በትነው ብቅል ቢጨምሩበት አብዛኛው ስታርች እንዳለ ይቀመጣል፤ ምክንያቱም ስታርቹ ተዘግቶ ነው ያለው። ከ62 እስከ 72 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥና ሲፈታ ነው ብቅል የሚደርስበት። ከሻሸመኔ በስተሰሜን ያለችው አርሲ ነጌሌ በበቆሎ አረቄዋ የታወቀች ከተማ ናት፤ ብዙ ሴቶች ልጅ ያሳደጉበት ሥራ ነው። እንዲህ ያሉ ባለሙያዎች ጌሾና ብቅል በውሃ ጠንስሰው ጥቂት ቀን ያቆዩና ዱቄቱን ቂጣ ጋግረው ቆራርሰው ይጨምሩበታል። ቂጣው ለምን እንደሚጋገር የሚጠይቅ ጀማሪ ጥቂት ነው። ምጣዱ ነው ስታርቹን የሚከፍተው። ከግማሽ በላይ በቆሎ የሚጠቀሙት የኬንታኪ ቡርቦን ጠማቂዎችም ይህንኑ በትልቅ ድስት አፍልተው ነው የሚያደርጉት፤ ከዚያ የገብስ ብቅል ይጨምሩበታል።

የቂጣው መንገድ የተፈተነ ነው፤ ግን ዓይኑና ምላሱ የለመደ ሰው ይፈልጋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የምመርጠው የድስቱን መንገድ ነው፤ ሁሉ ነገር ስለሚለካ ሲበላሽ የት እንደተበላሸ ይታወቃል። ልኩም ትንሽ ይሁን፦ 2 ኪሎ የበቆሎ ዱቄት፣ ግማሽ ኪሎ የገብስ ብቅል፣ 10 ሊትር ውሃ። በርሜል የሚገዛው በኋላ ነው። ፖሾ ሚል በሚሉት የሰፈር ወፍጮ ያስፈጩት ዱቄት ይበቃል፤ የታሸገው የሱቅ ኡንጋም ይሠራል፣ ዋጋው ብቻ ከፍ ይላል።

ብቅሉ ላይ ሰው ይሳሳታል። ለጠላ የሚሆነውን አሻሮ ሆን ብለን እንቆላለን፤ ቀለምና ጣዕም ስለምንፈልግ ነው። የብቅሉ ሥራ ግን ስታርቹን ወደ ስኳር መለወጥ ነው፤ ያን የሚሠራው በውስጡ ያለው ኢንዛይም ምጣድ ላይ ይሞታል። ስለዚህ ገብሱ ሌሊቱን ተነክሮ፣ ተጠንፍፎ፣ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ከጎነቆለ በኋላ በፀሐይ ብቻ ይድረቅ። ገብስ ከጠፋ የበቆሎ ብቅልም ይሆናል፤ ጉልበቱ ግን ስለሚያንስ መጠኑን ከፍ ማድረግ ነው።

ድስቱ ላይ 6 ሊትር ውሃ ይጣዱ። ውሃው ለብ ሲል ዱቄቱን እያማሰሉ ይበትኑና ከብቅሉ አንድ እፍኝ አብረው ይጨምሩ። ይህች እፍኝ ብዙ ድካም ታድናለች። ገንፎው እየሞቀ ሲሄድ መወፈር ይጀምርና ማማሰያው ሊቆም ሲል ብቅሉ ያላላዋል። ያለ እሷ ገንፎው ከድስቱ ሥር ይይዛል፤ የእርሩ ጣዕም ደግሞ እስከ ጠርሙሱ ድረስ ይከተላል። ከፈላ በኋላ ለግማሽ ሰዓት ያህል በዝግታ ይብሰል፤ ማማሰሉ አይቋረጥ። ከኡጋሊ (ከጠጣሩ ገንፎ) የላላ፣ ከኡጂ (ከአጥሚቱ) የወፈረ ነገር ያገኛሉ።

ከእሳት ያውርዱትና የቀረውን 4 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ይጨምሩ። ሞያሌ ከባሕር ወለል ከ1,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 96 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ በዚህ ልክ ሲቀላቀል ድስቱ ወደ 68 ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል። ቢሆንም ግምት አይመኑ፣ የወጥ ቤት ቴርሞሜትር ይግዙ። ጣት ይህን አይለይም፤ 65ም 80ም ጣት ላይ አንድ ናቸው፣ ሁለቱም ያቃጥላሉ። ብቅሉ ግን 65 ላይ ይሠራል፣ 80 ላይ ይሞታል። ከ65 እስከ 67 ሲሆን የቀረውን ብቅል ጨምረው በደንብ ያማስሉ፣ ድስቱን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ለአንድ ሰዓት ተኩል ይተዉት። የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ግን ቆመው ይዩ። የወፈረው ገንፎ ውሃ የጨመረበት ሰው ሳይኖር ይቀጥናል፤ በማንኪያ ቀምሰው ሲያዩት ዱቄት ዱቄት ይል የነበረው ጣፍጦ ያገኙታል። ማረጋገጥ ከፈለጉ ከፋርማሲ የቁስል አዮዲን ይግዙና ከፈሳሹ ትንሽ ነጭ ሳህን ላይ አድርገው አንድ ጠብታ ይጣሉበት። ጥቁር ሰማያዊ ከሆነ ስታርች ቀርቷል፣ ጊዜ ይስጡት። የአዮዲኑ ቀለም ካልተለወጠ አልቋል። የሳህኑ ይደፋል፤ ወደ ድስቱ አይመለስም።

ጣፋጭ ነገር ለብ ብሎ ሲያድር መጀመሪያ የሚደርስበት ባክቴሪያ እንጂ እርሾ አይደለም፤ ስለዚህ ቶሎ ማቀዝቀዝ ነው። ድስቱን ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ ያስቀምጡና 30 ዲግሪ እስኪደርስ ያማስሉ። ሞያሌ ላይ ውሃ በጄሪካን ስለሚገዛ የሳፋው ውሃ ለዕቃ ማጠቢያ ይቆይ። የቀዘቀዘው ድፍድፍ ላይ ሁለት እፍኝ የጌሾ ቅጠል በጥቂት ውሃ አፍልተው፣ አጥልለውና አቀዝቅዘው ቢጨምሩ ምሬቱ መኮምጠጥን ያዘገያል። እርሾው ከሱቅ ሐሚራ ተብሎ የሚሸጠው የዳቦ እርሾ ይሁን፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ሞልቶ ለብ ባለ ውሃ ተበጥብጦ ይገባል። ውሃው የቧንቧ ከሆነና ክሎሪን የሚሸት ከሆነ አስቀድመው ሌሊቱን ክፍት ያሳድሩት፤ ክሎሪን የሚገድለው ክፉውን ብቻ አይደለም።

ለ10 ሊትር ድፍድፍ 20 ሊትር የሚይዝ ዕቃ ያስፈልጋል፣ አረፋው ስለሚነሳ። የምግብ ዘይት የነበረበት ጄሪካን በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥቦ ያገለግላል። ናፍጣ ወይም ፀረ ተባይ የነበረበት ግን መቶ ጊዜ ቢታጠብም አይሆንም። ጋን ካለዎት እንደ ደንቡ በግራዋ ይታጠብ፣ በወይራ ይታጠን። (ፕላስቲክ የሚያጥኑ ሰዎች አይቻለሁ፤ የሚያገኙት የቀለጠ ፕላስቲክ ነው።) ክዳኑ ጥርቅም ብሎ አይዘጋ። እርሾ ከስኳሩ ግማሽ ያህሉን ክብደት ወደ ጋዝ ስለሚለውጠው የተከደነ ጄሪካን ይፈነዳል። ጋዙ ከአየር ይከብዳልና ጠባብና መስኮት በሌለው ክፍል ብዙ ዕቃ አያኑሩ፤ አንገትን በርሜል ውስጥ ከትቶ ማሽተትም ቀልድ አይደለም።

ከዚህ በኋላ ትልቁ ጠላት የሞያሌ ቀን ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተቀመጠ ዕቃ ቀትር ላይ በቀላሉ 35 ዲግሪ ያልፋል። የሚፈላው ድፍድፍም ከራሱ ሙቀት ያወጣል። እርሾ በዚያ ሙቀት ቸኩሎ ይሠራና የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስል ሽታ ያመጣል። ዕቃውን ወለል ላይ፣ ጥላ ውስጥ አድርገው እርጥብ ጆንያ ያልብሱት፤ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ጆንያው ሲደርቅ ያቀዘቅዘዋል። ጠዋትና ማታ ማርጠብ ነው። ውሃ ማባከን ለሚመስለው ሰው፣ የተበላሸው 10 ሊትርም በውሃ የተሠራ ነው።

በማግስቱ አረፋ ካልታየ ወይ እርሾው ያረጀ ነው ወይ በሙቅ ላይ ገብቶ ሞቷል፤ አዲስ ይጨምሩ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይጋጋላል፣ ገለባው ከላይ ይሰበሰባል፤ በንጹሕ ማማሰያ ወደ ታች ይመልሱት። ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ባለው ጊዜ ጋዙ ይቆማል፣ ገለባው ይሰምጣል፣ ላዩ ይጠራል። ይቅመሱ፦ ጣፋጩ ጨርሶ ጠፍቶ፣ መረር ኮምጠጥ ያለና ምላስን የሚያሞቅ ከሆነ በስሏል። ፈልቶ ቆሞ ገና የሚጣፍጥ ከሆነ እርሾው ደክሟል፤ ሙቀቱን ያስተካክሉና ሁለት ቀን ይጠብቁ። ነጭ ስስ ሽፋን ቢይዝ ድፍድፉ መቆየቱን ነው የሚናገረው፤ ወዲያው መጠቀም ነው። አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሻጋታ ከያዘ ይደፋ። እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚከረፋ ሽታ ብዙ ጊዜ በራሱ ይጠፋል። በዚህ ልክ ሁሉ ነገር ከሰመረ ድፍድፉ ከመቶ ስድስት ወይም ሰባት እጅ አልኮል ይዟል።

ብዙ ቻንጋ አውጪ ሱካሪ ንጉሩ የሚባለውን ያልተጣራ የሸንኮራ ስኳር ይጨምራል። ይጠነክራል፣ እውነት ነው። በመጀመሪያው ሙከራ ግን አይጨምሩ። ስኳር ከገባ በቆሎው በትክክል ተለውጦ ይሁን አይሁን ማወቅ አይቻልም፤ ሰውየው በቆሎ አባክኖ የስኳር አረቄ እያወጣ ተማርኩ ይላል።

የሻገተ በቆሎ በርካሽ ሲሸጥ «ለአረቄ ነው፣ ምን ይሆናል» የሚል አለ። በ2004 በምሥራቅ ኬንያ፣ በተለይ በማኩዌኒና በኪቱዪ፣ የሻገተ በቆሎ የበሉ 317 ሰዎች በአፍላቶክሲን ታመው 125ቱ ሞተዋል። ይህ መርዝ አፍልተውት አይጠፋም፣ ተብላልቶም ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ከአረቄው ጋር በእንፋሎት አይወጣም፣ አተላው ውስጥ ይቀራል። አተላውን የሚበላው የቤት ፍየል ወይም ላም ነው፤ ከላሟ ወደ ወተቱ፣ ከወተቱ ወደ ሕፃኑ ይደርሳል። ከመልካም በቆሎ የወጣ አተላም ቢሆን ቀዝቅዞ፣ ከገለባ ጋር ተቀላቅሎ በጥቂቱ ይሰጥ።

ስለ ሜታኖል ብዙ ይወራል። ከእህል የሚወጣ ድፍድፍ ሜታኖሉ ጥቂት ነው። ኬንያ ውስጥ ሰው የጨረሰው በአብዛኛው ሆን ተብሎ የተጨመረው የፋብሪካ ኬሚካል ነው፦ በ2000 ናይሮቢ ውስጥ ከ100 በላይ ሰዎች፣ በየካቲት 2024 በኪሪንያጋ ቢያንስ 17 ሰዎች የሞቱት በተመረዘ መጠጥ ነው። አረቄውን አቀጣጥሎ ነበልባሉን ማየት አልኮል መኖሩን እንጂ ዓይነቱን አይነግርም፤ የሜታኖልም ነበልባል ሰማያዊ ነው። የጠጣ ሰው ዓይኑ ከደበዘዘበት በማር በቅቤ ሳይሉ ወዲያው ሆስፒታል።

ድፍድፉ ሲበስል በራስዎ እሳት አያቀጣጥሉ። ክዳን ባለው ኩባያ ከድፍድፉ ጥቂት ይዘው፣ ሙያው ካላት እናት ቤት ይሂዱ፤ የቀን ሥራዋን ዋጋ ከፍለው ማውጣቱን ከጎኗ ሆነው ይዩ። የአልኮል እንፋሎት እሳት ስለሚስብ መጀመሪያ የሚማሩት የማሰሮውን አፍ እንዴት እንደምትመርግና ቱቦው እንዳይደፈን እንዴት እንደምትጠብቅ ይሁን። መጀመሪያ የሚወርደውን ምን ያህል እንደምትደፋና የመጨረሻውን መቼ እንደምታቆም ይጠይቋት። ኩባያውን ቀምሳ «ይህስ ገና ነው» ካለችዎት ጆንያውን አርጥበው ሁለት ቀን ይጠብቁ።