ከክትክታው ዛፍ በታች

በመጋቢት ወር 2010 ዓ.ም. በኢትዮጵያው ሞያሌ ወታደሮች ዘጠኝ ሰላማውያን ሰዎችን ስለ ገደሉ፣ ሴቶችና ሕፃናት የሚበዙበት ብዙ ሺህ ሕዝብ ድንበር ተሻግሮ ወደ ኬንያ ሞያሌ ሸሸ። እንዲህ ካለው ድንጋጤ በኋላ ሕፃን በሌሊት ይባንናል፤ ወጣትም ዝም ይላል። እኛ ግን ብዙ ጊዜ «እምነትህ አነሰ» ብለን ለመገሠጽ እንቸኩላለን።

እግዚአብሔር በኤልያስ ላይ እንዲህ አላደረገም (1ኛ ነገሥት 19)። ነቢዩ ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀምጦ ሞትን በለመነ ጊዜ፣ መልአኩ አስቀድሞ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ ዳግመኛም እስኪተኛ ተወው። ከዚያም እግዚአብሔር ጠይቆ ምሬቱን ሁለት ጊዜ ሰማው፤ በኋላም ኤልሳዕን ረዳት አድርጎ ሰጠው። የዓለም ጤና ድርጅት ከተባባሪዎቹ ጋር በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው የሥነ ልቡና የመጀመሪያ ርዳታ መመሪያም ሦስት ነገር ያስተምራል፦ ማየት፣ መስማት፣ ማገናኘት።

ስለዚህ በመካከላችን የደነገጠ ልጅ ቢገኝ አስቀድመን መብሉንና መኝታውን እንይለት፤ እንዲናገር ሳናስገድደው እንስማው፤ ከቤተ ሰቡ፣ ከባልንጀሮቹና ከትምህርቱ ጋር እናገናኘው። ጭንቀቱ ቢጸናበት ወይም ሞትን ቢመኝ ሳንዘገይ ወደ ሐኪም እንውሰደው፤ ይህ እምነት ማጣት አይደለም። ጸሎታችንም ከዚህ ሥራ አይለይ።

ለጥናት፦ በጉባኤያችን ከክትክታው ዛፍ በታች የተቀመጠው ማን ነው? እንጎቻውንስ ማን ይወስድለታል?