የኤሌክትሪካል ምህንድስና ዲግሪ ስንት ያስወጣል? መቼስ ይመልሳል?

በገለጉ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርቱን አጠናቆ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ለመማር የሚያስብ ተማሪ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ውጤቴ ይበቃ ይሆን?» ብሎ ነው። «ምን ያህል ያስወጣኛል?» የሚለው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ይዘነጋል። በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን በቀላል ስሌት እንመለከተዋለን።

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ፣ ጎንደርም ሆነ ባሕር ዳር፣ ትምህርቱ 5 ዓመት ይወስዳል። በ1996 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወጪ መጋራት ሥርዓት መሠረት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ፣ ከማስተማሪያውም ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን ይጋራል። ዕዳውን የሚከፍለው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ፣ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቀነሰ ነው። በግል ኮሌጅ ግን ክፍያው ከገቢ ይቀድማል። ስለዚህ የሁለቱ ድምር እኩል ቢሆን እንኳ በሰሊጥ ለሚተዳደር ቤተሰብ ሸክሙ እኩል አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተና ግን የሁለቱንም ተመራቂዎች ይመለከታል።

ትልቁ ወጪ በውሉ ላይ አልሰፈረም፤ ይኸውም ተማሪው በትምህርት ላይ ሳለ የሚያመልጠው ገቢ ነው። ሁለት ጓደኛሞችን እናስብ (ቁጥሮቹን ለስሌቱ እንዲመቹ የመረጥናቸው እኛ ነን)። አንዱ በቴክኒክና ሙያ ለ2 ዓመት ሠልጥኖ በወር 6,000 ብር ያገኛል። ሌላው ከ5 ዓመት በኋላ በመሐንዲስነት 9,000 ብር ያገኛል። ዕዳውም 54,000 ብር ነው እንበል።

ቴክኒሽያኑ በ3 ዓመት 216,000 ብር ይቀድማል። መሐንዲሱ በወር 900 ብር እየተቀነሰበት ዕዳውን በ5 ዓመት ይጨርሳል። በእነዚህ ዓመታት ብልጫው በወር 2,100 ብር ብቻ ስለሆነ በድምሩ 126,000 ብር ያካክሳል። ቀሪውን 90,000 ብር፣ በወር በ3,000 ብር ብልጫ፣ በ2 ዓመት ተኩል ይሞላዋል። ስለዚህ ሁለቱ የሚተካከሉት ከምረቃው 7 ዓመት ተኩል በኋላ ነው። መሐንዲሱ ሥራ ሳያገኝ 1 ዓመት ቢቀመጥ ቴክኒሽያኑ ተጨማሪ 72,000 ብር ይቀድመዋል፤ ይህን ለማካካስ ደግሞ 2 ዓመት ያስፈልጋል። እንግዲህ በእኛ አስተያየት ተማሪው ከክፍያው መጠን ይልቅ ስለ ተመራቂዎች ሥራ የማግኛ ጊዜ አጥብቆ ቢጠይቅ ይሻለዋል። አንባቢም በቁጥሮቹ ቦታ የአካባቢውን ደመወዝ ተክቶ ስሌቱን ይድገመው።

የዲግሪው ጥቅም ግን በደመወዝ ብቻ አይለካም። በገለጉ ቆላ ለውኃ መሳቢያ የሚተከል የፀሐይ ፓነል የተመዘነው የሴሉ ሙቀት 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ነው። በቀትር ፀሐይ ሴሉ 65 ዲግሪ ቢደርስ፣ ከ25 በላይ ለሆነው ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 በመቶ ያህል ኃይል ይቀንሳል፤ ለ40 ዲግሪ 16 በመቶ ይሆናል። ስለዚህ «100 ዋት» የተባለው ፓነል 84 ዋት ይሰጣል። ፓነሉን ቴክኒሽያኑ አሳምሮ ሊያቆመው ይችላል። ለፓምፑ ስንት ፓነል እንደሚበቃ አስቀድሞ አስልቶ መወሰን ግን የመሐንዲሱ ሥራ ነው።