ትምህርት ለነጋዴዎች፦ የኮምፒውተር መመለሻ ነጥብና የድራይቨር አመላለስ

መተማ ላይ ሰሊጥ የሚያስጭን ነጋዴ መኪናው ከመነሣቱ በፊት ጆንያውን ቆጥሮ፣ ክብደቱን አረጋግጦ በደብተሩ ላይ ያሰፍራል። ይህንም የሚያደርገው በመንገድ ላይ ጉድለት ቢገኝ «ከመነሻው ይህን ያህል ነበረ» ብሎ የሚመለስበት ማስረጃ እንዲኖረው ነው። በየሱቁና በየጽሕፈት ቤቱ የገባው ኮምፒውተርም እንደዚሁ የመነሻ ማስረጃ የሚያስፈልገው መሣሪያ ሆኖ ሳለ፣ ብዙዎቻችን ይህን የምናስበው ከተበላሸ በኋላ ነው።

ነገሩ ለቆላው ነጋዴ ከሌላው ይልቅ የሚከብድበት ምክንያት አለ። ከመተማ ዮሐንስ እስከ ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ ባለሙያ ቢፈለግ የቀናት ጉዳይ ይሆናል። በሌላ በኩል ደግሞ የገቢና የወጪ ንግድ ሰነድ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት መስተናገድ ስለ ጀመረ፣ የኮምፒውተር መቆም የሰነድ መቆም፣ የሰነድ መቆምም የጭነት መቆም ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት መቆየቱ ይታወሳል። እንዲህ ያለ ጊዜ አልፎ ኮምፒውተሩ እንደገና ከመረብ ጋር ሲገናኝ የተጠራቀመው ማሻሻያ ሁሉ ባንድ ጊዜ ይወርድበታል። ስሕተት የሚደርሰውም ብዙውን ጊዜ በዚያ ሰዓት ነው።

1ኛ. ድራይቨር ምንድን ነው?

በመተማ ገበያ ዐረብኛ የማያውቅ ሻጭና አማርኛ የማያውቅ ገዢ በአስተርጓሚ አማካይነት ይዋዋላሉ። ድራይቨር የሚባለው አነስተኛ ፕሮግራምም በዊንዶውስና በዕቃው፣ ማለት በፕሪንተሩ፣ በስክሪኑ፣ ወይም በዋይፋይ መቀበያው መካከል የቆመ አስተርጓሚ ነው። አስተርጓሚው ቢሳሳት ሻጩም ገዢውም ጤነኞች ሳሉ ንግዱ ይፈርሳል። ለዚህ ምስክር የሚሆን አለ፤ በየካቲት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ያወጣው ማሻሻያ በአንዳንድ የኪዮሴራ፣ የሪኮና የዜብራ ፕሪንተሮች ለማተም በተሞከረ ጊዜ ኮምፒውተሩን በሰማያዊ ስክሪን አቁሞ ነበር። ማስተካከያው የወጣው ከቀናት በኋላ ነው። ፕሪንተሮቹ ግን አልተበላሹም ነበር።

2ኛ. የመመለሻ ነጥብ አሠራር

የመመለሻ ነጥብ፣ በተለምዶ ሪስቶር ፖይንት የሚባለው፣ የዊንዶውስ ፋይሎች፣ ድራይቨሮችና የውስጥ ደንቦች በአንድ ቀን የነበሩበትን ሁኔታ የሚይዝ መዝገብ ነው። ዊንዶውስ ይህን አገልግሎት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው፤ ይሁን እንጂ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ተዘግቶ ስለሚገኝ መክፈት የባለቤቱ ፈንታ ነው።

ሀ) በስታርት መፈለጊያ ላይ «ክሪየት ኤ ሪስቶር ፖይንት» ብሎ መጻፍና የሚወጣውን መክፈት።
ለ) ሲስተም ፕሮቴክሽን በሚለው ገጽ ላይ የሲ ዲስክን መርጦ «ኮንፊገር» የሚለውን መጫን፤ ከዚያም መከላከያውን አብርቶ ከዲስኩ 5 በመቶ ያህል ቦታ መፍቀድ።
ሐ) «ክሪየት» የሚለውን ተጭኖ ስም መስጠት። ስሙም «ከአዲሱ ፕሪንተር በፊት» እንደሚለው ምክንያቱን የሚናገር ይሁን።

ይህ ሁሉ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይፈጃል። አዲስ ፕሮግራም ከመጫን፣ አዲስ ዕቃ ከመሰካት፣ እንዲሁም ከረጅም መቋረጥ በኋላ ከኢንተርኔት ጋር ከመገናኘት በፊት መደረግ አለበት። ነጥቡ ለዘላለም አይቀመጥም፤ አዲሶቹ ቦታ ሲፈልጉ አሮጌዎቹ ይሰረዛሉ፤ በዊንዶውስ 11 የ24ኤች2 እትምም ቢበዛ 60 ቀን ነው የሚቆየው። ስለዚህ በነሐሴ የተበጀ ነጥብ የኅዳርን የሰሊጥ ወራት አያደርስም።

3ኛ. ድራይቨርን ብቻ ስለ መመለስ

የታመመው አንድ ዕቃ ብቻ ከሆነ ኮምፒውተሩን በሙሉ ወደ ኋላ መመለስ አያስፈልግም። ለምሳሌ ያህል ማሻሻያ ካለፈ በኋላ ዋይፋይ ጠፋ እንበል። ኢንተርኔት ስለሌለ አዲስ ድራይቨር ማውረድ አይቻልም፤ አሮጌው ግን በውስጥ ተቀምጦ ይሆናል። ስታርትን በቀኝ ተጭኖ ዲቫይስ ማኔጀርን መክፈት፤ ኔትወርክ አዳፕተርስ ከሚለው ሥር ዕቃውን መምረጥ፤ ከፕሮፐርቲስ ውስጥ ድራይቨር የሚለውን ገጽ አውጥቶ «ሮል ባክ ድራይቨር» የሚለውን መጫን ነው። አሮጌው አስተርጓሚ ወደ ሥራው ይመለሳል ማለት ነው።

ቁልፉ ደብዝዞ ከተገኘ ግን የተቀመጠ አሮጌ ድራይቨር የለም ማለት ነውና ወደ መመለሻ ነጥቡ መሄድ ያስፈልጋል። የፕሪንተር ድራይቨርም በዚህ መንገድ ብዙ ጊዜ አይመለስም፤ ስለዚህ በደህና ሲሠራ የነበረውን የፕሪንተር መጫኛ በፍላሽ ላይ ማስቀመጥ ይገባል። ድራይቨሩ ከተመለሰ በኋላ ያው ማሻሻያ ተመልሶ እንዳይገባ፣ በዊንዶውስ አፕዴት ላይ ለጥቂት ሳምንታት ማገድ ይቻላል።

4ኛ. በነጥቡ መመለስ

በዚያው በሲስተም ፕሮቴክሽን ገጽ «ሲስተም ሪስቶር» የሚለውን ከፍቶ ቀኑን መምረጥ ነው። ከመጨረሻው ትእዛዝ በፊት «ስካን ፎር አፌክትድ ፕሮግራምስ» የሚለውን መጫን አይዘንጋ፤ የሚጠፉትን ፕሮግራሞች ይዘረዝራልና። ከነጥቡ በኋላ የተጫነ የአማርኛ መጻፊያ ቢኖር እርሱም ይሄዳል፤ እንደገና መጫን ግድ ይሆናል። ኮምፒውተሩ መነሣት እንቢ ካለም፣ ደጋግሞ ሳይነሣ ሲቀር ከሚያወጣው የመጠገኛ ገጽ ላይ «ትረብልሹት» ቀጥሎም «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» በሚለው በኩል ወደዚሁ ሥራ መግባት ይቻላል። ሥራው በተጀመረ ጊዜ መብራት ቢጠፋ ጉዳቱ ከፊተኛው ስለሚብስ፣ ላፕቶፕ የሆነ ባትሪው ይሙላ፤ ሌላውም በዩፒኤስ ወይም በጄኔሬተር ይሠራ።

5ኛ. ማስጠንቀቂያ

ብዙ ነጋዴ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የመመለሻ ነጥብ የሒሳብ መዝገብ ቅጂ አይደለም። የተጻፈ ደብዳቤን፣ የኤክሴል ሠንጠረዥን፣ የደንበኞችን የዱቤ ዝርዝር አያስቀምጥም፤ ዲስኩ ቢሞት ነጥቡም አብሮት ይሞታል። ፒችትሪ የሚጠቀም ሰው በፕሮግራሙ በራሱ የባክአፕ ትእዛዝ ቅጂ አውጥቶ፣ ከኮምፒውተሩ ውጭ በሆነ ፍላሽ ወይም ዲስክ ላይ አኑሮ፣ ከሱቁ ሌላ ቦታ ያስቀምጠው። ይህንም ከመመለሱ ሥራ በፊት ያድርገው እንጂ በኋላ አይበል።

እንግዲህ ምክራችን አጭር ነው። ዘወትር ቅዳሜ ሱቁ ከመዘጋቱ በፊት ሁለት ሥራ ይሠራ፤ አንደኛ የሒሳቡ ቅጂ ከኮምፒውተሩ ይውጣ፣ ሁለተኛ የመመለሻ ነጥብ ይበጅ። የተበጀበትም ቀን በደብተር ይጻፍ። ጆንያውን ቆጥሮ የጫነ ነጋዴ በመንገድ ጉድለት ቢደርስበት አይደናገጥም፤ መነሻውን መዝግቦ የያዘም በኮምፒውተሩ እንዲሁ ነው።