ሥጋ የማይበላ ሰው ድመቱን ምን ያብላ?

እጩ መምህራን! ለእንስሳት አዝኖ ሥጋ የተወ ሰው ድመቱን ሥጋ ቢያበላ ከአቋሙ ጋር አይጋጭም ወይ? ጥያቄው ክፍል ውስጥ ቢነሣ በሳቅ አይታለፍ።

መጀመሪያ ሳይንሱን እንይ። ውሻ ምግቡ በጥንቃቄ ከተዘጋጀለት ያለ ሥጋ ሊኖር ይችላል። ድመት ግን ታውሪን የተባለውን ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ አይሠራላትም፤ ከሥጋ ታገኘዋለች እንጂ ከእህል አታገኘውም። ታውሪን ያጣች ድመት ዓይኗ እንደሚጠፋ በ1975፣ ልቧ እንደሚደክም ደግሞ በ1987 እ.ኤ.አ. በምርምር ታውቋል። ዛሬ በፋብሪካ የተሠራ ታውሪን የተጨመረበት ሥጋ አልባ ምግብ በውጭ አገር ይሸጣል። እሱ በሌለበት ቤት ሽሮ አቅርቦ «አብራን ትጹም» ማለት ግን ጭካኔ ነው፤ የወጡ ሽንኩርት ራሱ ደሟን ይጎዳል።

ታዲያ ለታረደው በግስ ማን ይዘንለት? እውነት ነው፣ ጥያቄው ሙሉ በሙሉ አይፈታም። ጉዳቱን መቀነስ ግን ይቻላል፦ ለሰው ከታረደው የተረፈውን ልብና ሳንባ ቀቅሎ፣ ታውሪኑ ውሃው ውስጥ ስለሚቀር ከነመረቁ መስጠት ነው።

ሥጋ መተው የሰው ምርጫ ነው፤ ድመቷ ግን አልመረጠችም። ስለዚህ ኅሊናችንን የምንጠይቀው ድመቷን ቤት ከማስገባታችን በፊት እንጂ ከራባት በኋላ አይደለም። እናንተስ ለተማሪዎቻችሁ ምን ትመልሳላችሁ? ተወያዩበት።